"አሜባ ነው" ተብለን የተመለስንበት ቅዳሜ (ረጅም ነው፣ ታገሱኝ)

የሳሪስ እናት · ሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም እናቶችና አባቶች። ልጄ አጠገቤ ተኝቷል፣ ደህና ነው፣ እሱን አስቀድሜ ልበላችሁ። 8 ወሩ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት በድንገት ጮኸ። የርሃብ ለቅሶ አይደለም። እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ፊቱ ተለዋውጦ። ሁለት ሦስት ደቂቃ አለቀሰና ዝም አለ። ዝም ሲል ደግሞ ምንም ያልነካው ነው የሚመስለው፣ ጡት ያዘ፣ አሻንጉሊቱን ጎተተ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና። እንዲህ ሲል ዋለና ከሰዓት ማስታወክ ጀመረ።

ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድነው። ሰገራ ተመረመረ፣ ወረቀቱ ላይ አሜባ ተጻፈ፣ ፍላጅል ሽሮፕ ይዘን ወጣን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ነው ያለኝ። ስሙ የታወቀ፣ መድኃኒት ያለው ነገር ነዋ። ሆዱን ማንም አልነካውም፣ እኔም ንኩልኝ አላልኩም።

ማታ ልጁ ተለወጠብኝ። ማልቀሱን ትቷል። ስጠራው ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይከድናል። ባለቤቴ "መድኃኒቱ አስተኛው" አለ፣ እኔም ማመን ፈለግኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዳይፐሩን ስፈታ ሰገራ የለም፣ ደም የተቀላቀለበት ንፍጥ ብቻ፣ ልክ እንደ ቀይ ማርማላታ። በፒጃማዬ ነው የወጣሁት።

ሆስፒታል የደረሰን ተረኛ ሐኪም ወረቀታችንን እንኳ አላነበበም፣ እጁን አሙቆ ሆዱን ዳበሰው። አልትራሳውንድ ታዘዘ። አንጀቱ አንዱ ሌላው ውስጥ ገብቷል ተባልን፣ እሁድ ጠዋት ኦፕራሲዮን ሆነ፣ የጠቆረውን ቆርጠው ቀጠሉት። "ትናንት ቢሆን ምናልባት ያለ ቢላ ይመለስ ነበር" ያለኝ ነገር እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። ምን ማየት ነበረብኝ? የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ተረኛዋ · ሰኞ ማታ 4፡05

እህቴ እግዚአብሔር ይማርልሽ። የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፣ የጻፍሽውን ሳነብ ብዙ ፊቶች ናቸው ትዝ ያሉኝ። አንቺ አይተሽዋል እኮ! "እየመጣ ይሄዳል፣ እግሩን ይሰበስባል" ብለሽ የጻፍሽው ራሱ ምልክቱ ነው። ስሙን የሚነግርሽ ሰው ነው የጎደለው፣ ኢንቱሰሰፕሽን ይባላል።

የሹራብ እጅጌ ስታወልቂ ወደ ውስጥ እንደሚገለበጠው አድርገሽ አስቢው። አንጀት ወደ ቀጣዩ አንጀት ይገባል። አንጀቱ ሊገፋው ሲታገል ልጁ ይጮኻል፣ ሲያርፍ ልጁ ያርፋል። ለዚህ ነው በየሩብ ሰዓቱ የሚሆነው። ሲቆይ ደም መመለሻ ያጣል፣ አንጀቱ ያብጣል፣ ማርማላታ ያልሽው የዛን ጊዜ ይመጣል። ማርማላታውን የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው የምናየው፣ በተለይ የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጨርሱ። ብዙዎቹ ጤነኛ፣ ደልደል ያሉ ልጆች ናቸው፣ ይሄም ሰውን ያዘናጋል።

አሜባ ላይ ትንሽ ልናገር ምክንያቱም ያንገበግበኛል። ትንንሽ ልጆች ላይ ደም ያለው ተቅማጥ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፣ አሜባ እምብዛም ነው። በማይክሮስኮፕ ደግሞ ነጭ የደም ሴል አሜባ መስሎ ይታያል፣ በጥድፊያ የሚሠራ ላቦራቶሪ ውስጥ መቀላቀሉ የታወቀ ነው። ቢኖርበት እንኳ አሜባ ሕፃንን በየሩብ ሰዓቱ አስጩሆ መልሶ አያስቅም። ተቅማጥ ያለበት ልጅ ቶሎ ቶሎ ይወጣዋል፣ ብዙ ጊዜ ትኩሳትም ይኖረዋል። ያንቺ ልጅ ማስታወክና ሕመም ነበረበት፣ ሰገራው ቆሟል። እና ማታ ዝም ማለቱ… በዚህ በሽታ አንዳንዱ ልጅ ከሕመሙ ይልቅ በድካም ነው የሚመጣው፣ ሰመመን ውስጥ እንዳለ ሆኖ። ዝም ያለ ልጅ ተሽሎት ላይሆን ይችላል።

ቶሎ ሲመጣ በፊንጢጣ በኩል አየር ወይም ሳላይን ተሰጥቶ፣ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እየታየ ወደ ቦታው ይገፋል። ሁሉም ሆስፒታል ግን አይሠራም፣ ቢሠራም አንጀቱ ከተበሳ ወይም ልጁ ከደከመ አይሞከርም። ስለዚህ ያ ሐኪም "ምናልባት" ማለቱ ልክ ነው፣ ምናልባት ብቻ ነው።

---

ባለ ሚኒባስ · ሰኞ ማታ 4፡40

የኔዋ 9 ዓመቷ ነው፣ ትርፍ አንጀት ነበር። መጀመሪያ እምብርቷ አካባቢ አመመኝ አለች። ጨጓራ ነው ተባልን። 9 ዓመት ልጅ ጨጓራ! እኔም ዝም አልኩ። በማግስቱ ወደ ቀኝ ወደ ታች ወረደ፣ ምግብ ጠላች፣ አስመለሳት። በራሴ መኪና ይዣት ስሄድ ኮረኮንቹ በነካን ቁጥር ሆዷን ይዛ ትጮኻለች፣ አስፋልት ላይ ስንሆን ዝም። ሐኪሙ በኋላ "አንተ እኮ መርምረሃታል" አለኝ።

የሚቆጨኝ መሃሉ ላይ ነው። ማስታገሻ ወስዳ ድንገት ሕመሙ ቀለለ፣ እኛም "እሰይ" ብለን ሥራ ሄድን። ለካ ያን ጊዜ ፈንድቷል። ማታ ትኩሳቷ 39 ገባ፣ ሆዷ እንደ ጣውላ። 11 ቀን ተኛች። ማስታገሻው ይሆን የደበቀው? ነርሷ ብትነግሪኝ።

---

ተረኛዋ · ሰኞ ማታ 5፡10

ወንድሜ ማስታገሻውን አትውቀሰው። ልጅ እያመመው እንዲቆይ የሚያደርግ ምርመራ የለም፣ ፓራሲታሞል ቢሰጥም የሚመረምር ሐኪም ያገኘዋል። የሚጎዳው ቀለላት ብሎ ቤት መቅረት ነው። ሲፈነዳ ውጥረቱ ስለሚለቅ ለጥቂት ሰዓት ይሻላል፣ ከዚያ ሆዱ ሁሉ ይመረዛል። ኮረኮንቹን ግን ሁሉም ሰው ይያዝልኝ። "እስቲ ዝለይ" ብትሏት ትርፍ አንጀት ያለባት ልጅ አትዘልም፣ ስትሄድም ጎንበስ ብላ ነው። ከ5 ዓመት በታች ደግሞ ቦታውን መናገር ስለማይችሉ ብዙዎቹ ፈንድቶ ነው የሚደርሱን።

---

እማማ ከደሴ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። ይህንን የምታነብልኝ የልጅ ልጄ ናት። እኛ 7 ወልደን ስናሳድግ ሆድ ሲቆርጥ በዘይት ይታሻል፣ ፌጦ ይሰጣል፣ ጤና አዳም ይሸተታል፣ ይለቃል። አሁን ለሁሉም ሆስፒታል ሆነ፣ ለሁሉም ማሽን ሆነ። ብሩስ ከየት ይመጣል? ማሸት ምን ይጎዳል?

---

ሪዚደንቱ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡30

እማማ እንደምን አደሩ። ለስፔሻሊቲ የምማር ሐኪም ነኝ። እውነት ነው፣ አብዛኛው የልጅ ሆድ ቁርጠት በራሱ ይለቃል፣ ለዚህ ነው የታሸውም ያልታሸውም የሚድነው። የብሩን ነገርም አልክድም፣ አልትራሳውንድ አጥተው የሚመለሱ አያለሁ። ግን እነዚህን ልጆች አደራ አያሽዋቸው፦ ሆዱ ሲነካ የሚሸሽ ወይም ሆዱ የጠጠረ፣ የሚወጋው ቦታ አንድ የሆነ፣ እና አረንጓዴ የሚያስታውክ። የታጠፈ ወይም የቆሰለ አንጀት በእጅ ሲገፋ ሊበሳ ይችላል። ለሕፃን በአፍ ፌጦ ሰጥተው የሚመጡም አሉ፣ ትን ብሎት ሌላ ጣጣ።

አረንጓዴውን ልድገመው። ገና የተወለደ ልጅ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ካስታወከ፣ አንጀቱ ተጠምዝዞ እንዳልሆነ እስኪረጋገጥ ድረስ ተጠምዝዟል ብለን ነው የምንሮጠው። ጠዋት ይነጋል አይባልም፣ አንጀት በሰዓታት ነው የሚሞተው። ወተት የሚያስታውክና ክብደት እየጨመረ ያለ ልጅ ሌላ ነገር ነው፣ አይረበሹ። በ2ኛው ሳምንትና በ2ኛው ወር መሃል ደግሞ በጠባ ቁጥር ወተቱን አርቆ የሚወነጭፍ፣ ወዲያው ተርቦ መልሶ የሚፈልግ፣ የሚከሳ ልጅ አለ። የጨጓራው መውጫ ጠቦ ነው፣ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ ቀላል ቀዶ ጥገና ይፈታዋል። ጡት ቀይሩ ተብለው ወር የሚያባክኑት እነዚህ ናቸው።

ተራ ተቅማጥ ከሆነ ኦአርኤስ አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ዚንክ 10 ቀን፣ ጡቱ ሳይቋረጥ። ፍላጅል ማሟሻ አይደለም።

---

የሁለት ልጆች አባት · ማክሰኞ 6፡00

ርዕሱን ላጣምመው ነው ይቅርታ። የኛ ቤት አሜባ "ብሮንካይት" ይባላል። ልጄ 4 ዓመቱ ነው፣ ባለፈው ዓመት ብቻ 6 ጊዜ አሞክሳሲሊን ወስዷል። ትኩሳት የለውም። ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፣ ሲሮጥ ደረቱ ያፏጫል፣ ዘመድ ቤት ቡና ተቆልቶ ዕጣን ከተጨሰ ሌሊቱን ሙሉ አንተኛም። አሁን አንድ ሐኪም አስም ነው ብሎ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ጻፈልን። እናቴ "ፓፍ ከጀመረ ዕድሜ ልኩን አይላቀቀውም" ብላ ቤቱን አመሰችው። ሱስ ይሆናል ወይ?

---

ሪዚደንቱ · ማክሰኞ 7፡20

አይሆንም ወንድሜ። መነጽር ሱስ እንደማይሆነው ነው። ሰው እንዲህ የሚለው አስሙ የሚመላለስ ስለሆነ ነው፣ ፓፉ አይደለም ያስቀረው። የሚነፋው ሳልቡታሞል ሳንባ ላይ ስለሚያርፍ መጠኑ ከሽሮፑ በጣም ያንሳል፣ ሽሮፑ ነው ልብ የሚያስመታና እጅ የሚያንቀጠቅጠው። ሌላው ቤክሎሜታዞን የሚባለው በየቀኑ የሚወሰደው ነው። እሱ ወዲያው አያስተነፍስም፣ ቱቦው እንዳይቆጣ ነው የሚያደርገው፣ ስለዚህ ልጁ ደህና ሲሆን ሰው ይተወዋል። ከዚያ በዝናቡ መግቢያ ወደ ድንገተኛ።

ጉንፋን ሲነሳ ብቻ የሚያፏጭ ሕፃን ሁሉ አስም አይደለም፣ ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ያንተ ልጅ ግን ያለ ጉንፋንም፣ በሩጫም፣ በጭስም ነው። ቤት ውስጥ ዘመድ አስም ወይም የቆዳ ማሳከክ ያለበት አለ?

---

የሁለት ልጆች አባት · ማክሰኞ 7፡35

እኔ ራሴ 😅 ቆዳዬ። እናቴ ደግሞ ሁልጊዜ ታስነጥሳለች።

---

ተረኛዋ · ማክሰኞ ማታ 2፡50

ገና ከሥራ ገባሁ። ከሰሉና ዕጣኑ ልጁ ካለበት ክፍል ይውጣ፣ ቡናውን በረንዳ ላይ ቁሉት፣ እናትህን እንዲህ ብታባብል ትስማማለች።

ሳልና ትንፋሽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ብታስተምሩልኝ ደስ ይለኛል፦ መቁጠር። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገልጣችሁ፣ ስልካችሁ ላይ 1 ደቂቃ ሞልታችሁ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሙሉ ደቂቃ፣ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል። ከ2 ወር በታች 60 እና በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፣ ይታይ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካጉረመረመ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ያን ጊዜ መቁጠር ተውና ተነሱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ከዘገየ በታክሲ።

አስም ያለበት ልጅ ሲያፏጭ ቆይቶ ድንገት ፉጨቱ ቢጠፋና ልጁ ግን ቢደክም፣ አየር መግባት አቁሟል ማለት ሊሆን ይችላል። እንደገና፣ ዝም ያለ ልጅ።

እና ቆሎ! ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሽምብራ አትስጡ። ደህና የነበረ ልጅ እየተጫወተ ትን ብሎት፣ ስሎ ስሎ ከዚያ "ተሻለው"፣ ከሳምንት በኋላ በአንድ በኩል ብቻ የሚያፏጭ ደረት ይዞ ይመጣል። በአስም፣ በምች ሲታከም ወር የቆየ አይቻለሁ። ፍሬዋ ሳንባ ውስጥ አብጣ ተቀምጣለች። "ከዚህ በፊት ትን ብሎት ያውቃል?" የሚል ሰው ከሌለ እናንተው ንገሩ። ታንቆ ማሳልም ማልቀስም ካቃተው፣ ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጀርባው ላይ 5 ጊዜ በመዳፍ፣ ገልብጣችሁ ደረቱ ላይ በሁለት ጣት 5 ጊዜ፣ እያፈራረቃችሁ። ከ1 ዓመት በላይ ጀርባውን 5፣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብላችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ። የማይታያችሁን ነገር በጣት አትፈልጉ፣ ትገፉታላችሁ።

---

እማማ ከደሴ · ማክሰኞ ማታ 3፡30

ልጄ፣ የእንጥሉን ነገር ሳትነግሪያቸው? በእኛ ጊዜ ልጅ ሲያስለው እንጥሉ ወረደ ተብሎ ይቆረጥ ነበር። የእህቴ ልጅ ደሙ አልቆም ብሎ ሄደ። ማሸቱን አልተውም፣ እሱን ግን አትቁረጡ በሉ።

---

ተረኛዋ · ማክሰኞ ማታ 3፡38

እማማ፣ ነፍስ ይማር። ከእርስዎ አፍ ሲሰሙት ይሻላል፣ እኔ ብል ማን ይሰማኛል።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ · ረቡዕ ሌሊት 8፡10

ከአሜሪካ ነው፣ የሆድና የትንፋሽ ነገር አንድ ላይ ስለመጣብኝ ልጻፍ። ልጄ 5 ዓመቷ ነው፣ የለውዝ አለርጂ አለባት። ለፋሲካ አዲስ አበባ መጥተን ዘመድ ቤት ሳላያት ከቆሎ መሃል ለውዝ በላች። መጀመሪያ የመጣው ማስታወክ ነው። ሁሉም "ውሃ ቀይራ ነው፣ ምግቡ ከብዷት ነው" አሉ። ከዚያ ሆዷን ያዘች፣ ሰውነቷ ላይ እንደ ሳማ የነካው ሽፍታ ወጣ፣ ድምጿ ጎረነነ። ይዣት የመጣሁትን የአድሬናሊን እስክሪብቶ ጭኗ ላይ ወጋኋት። በ5 ደቂቃ ውስጥ ፊቷ ተመለሰ። ክሊኒክ ስንደርስ ሃይድሮኮርቲዞንና የአለርጂ መርፌ ሰጧት፣ አድሬናሊን ስል "እሱ ልቡ ለቆመ ሰው ነው" ተባልኩ። በጣም ደነገጥኩ። እስክሪብቶ የሌላት እናት ምን ታደርጋለች?

---

ሪዚደንቱ · ረቡዕ ጠዋት 2፡05

እህቴ፣ ልክ ነው ያደረግሽው። እስክሪብቶው እዚህ እንደልብ አይገኝም፣ አምፑሉ ግን ድንገተኛ ሕክምና የሚሰጥ ቦታ ሁሉ ሊኖረው የሚገባ መድኃኒት ነው፣ ርካሽም ነው። ለባለሙያ ነው የምጽፈው፦ 1 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ከሆነው አምፑል በኪሎ 0.01 ሚሊ ሊትር፣ የጭን ውጫዊ ጎን ጡንቻ ውስጥ። 15 ኪሎ ልጅ 0.15 ሚሊ ሊትር። ካልተሻለ በ5 ደቂቃ ይደገማል። ሃይድሮኮርቲዞን ለመሥራት ሰዓታት ይፈጃል፣ የአለርጂ መርፌው ማሳከኩን ነው የሚቀንሰው፣ ሁለቱም የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍቱም። ልጅቷ ትተኛ፣ እግሯ ከፍ ይበል፣ መተንፈስ ካቃታት ግን ትቀመጥ፣ ቀጥ አድርጎ ተሸክሞ መሮጥ ወይም ማስቆም የደም ግፊቷን ይጥለዋል። ከተሻላት በኋላም ለሰዓታት ትታይ፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ለወላጆች፦ የሚታወቅ አለርጂ ያለበት ልጅ ያንን ነገር በልቶ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ሽፍታ ባይኖር እንኳ አለርጂው ነው ብላችሁ ሂዱ። ስትገቡ "ለውዝ በልታ ነው" ብላችሁ ጀምሩ። "አስመለሳት" ብቻ ካላችሁ ሰገራ ይታዘዛል 🙂

---

ነታንያ · ረቡዕ 5፡45

ከእስራኤል። እዚህ ልጆች ጥርስ ሳያወጡ ጀምሮ ባምባ የሚባል የለውዝ መክሰስ ይበላሉ፣ የለውዝ አለርጂም እምብዛም ነው። እንግሊዝ ያሉ የአይሁድ ልጆች ላይ 10 እጥፍ ይበዛ እንደነበር አይተው ነው ሐኪሞቹ ጥናት የጀመሩት። 640 ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እንደ ፈረንጆቹ በ2015 ወጣ፣ ቀድመው የበሉት ላይ አለርጂው ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። እናቴ ግን እስካሁን "ለሕፃን ለውዝ ይከብዳል" ትለኛለች። ፍሬውን እንዳይሰጡ፣ ተፈጭቶ ላልቶ ነው። ከባድ የቆዳ ችፌ ያለበት ልጅ መጀመሪያ ሐኪም ይየው አሉን።

---

የሳሪስ እናት · ረቡዕ ማታ 3፡00

ሁላችሁንም አንብቤ አለቀስኩ፣ ጥሩ ለቅሶ ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጎረቤቴ "ክትባቱ ነው አንጀቱን ያጠላለፈው" አለችኝ። የሮታ ክትባት በ6ኛና በ10ኛ ሳምንቱ ወስዷል።

---

ሪዚደንቱ · ረቡዕ ማታ 3፡40

ወሬው ከምንም አልተነሳም። እንደ ፈረንጆቹ በ1999 አሜሪካ ውስጥ አንድ የድሮ የሮታ ክትባት በዚሁ ምክንያት ከገበያ ወጥቷል። እኛ አገር በ2013 እንደ ፈረንጆቹ የተጀመረው ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 የአፍሪካ አገሮች ክትባቱን ተከትሎ ይሄ ነገር ይጨምር እንደሆነ ታይቶ አልጨመረም። ያንቺ ልጅ ደግሞ ከክትባቱ ወራት ቆይቶ ነው የታመመው። ጎረቤትሽን በዚህ አትቀየሚያት፣ ልጆቿን ግን ታስከትብ።

---

የሁለት ልጆች አባት · ረቡዕ ማታ 4፡10

መጨረሻ ላይ እኔ ነኝ የማስቸግረው። ፓፉን በቀጥታ አፉ ላይ ስነፋበት ግማሹ ይወጣል። ስፔሰር የሚባለውን፣ ፓፉና አፉ መሃል የሚገባውን ቱቦ፣ ሦስት መድኃኒት ቤት ጠየቅኩ፣ የለም።

---

ተረኛዋ · ረቡዕ ማታ 4፡30

የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አምጣ። በሳሙና እጠበው፣ በጨርቅ ሳትጠርገው ራሱ ይድረቅ፣ ከተወለወለ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ቂጡን በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ብሳውና ፓፉን ሰክተህ ዙሪያውን በፕላስተር እሸገው። ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ከንፈሩን ገጥሞ ይተንፍስ። ፓፉን ነቅንቀህ አንዴ ተጫን፣ እሱ 5 ወይም 6 ጊዜ ይተንፍስ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሁለት ሦስቱን አከታትለህ አትጫን። ሐኪሙ የጻፈልህን ጨርሰህ በ20 ደቂቃ ካልቀለለው ይዘኸው ና።

---

የሁለት ልጆች አባት · ሐሙስ ጠዋት 12፡50

ሠራሁት። ክዳኑን አውልቄ ልጄ ላይ ከመሞከሬ በፊት እናቴ ፊት እኔ ሳብኩበት። "እስቲ ለኔም" አለች።